ከመስኮቱ ማዶ፦ «ፌሊሲቴ» ከተሰኘው ፊልም በኋላ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዝግጅቱ አስተባባሪዎች፣ ውድ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ከሁለት ሰዓት በላይ ፊልም አይታችሁ፣ መብራቱ በርቶ ዓይናችሁ ገና ሳይለምደው፣ ደግሞ ንግግር ስሙ መባል እንደማያስደስት አውቃለሁ። ቢሆንም ቃል ገብቻለሁና ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው ስለ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ስለ እናቲቱ ብቸኝነት ነው። ሦስተኛው ስለ ፍሪጁ ነው። ሳቃችሁን ሰማሁ፤ ፍሪጁን ያነሣሁት ግን ለቀልድ አይደለም፤ ጊዜ ከበቃን እንደርስበታለን።

አስቀድሜ ማንነቴን ልንገራችሁ። እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም። በአንድ ሆስፒታል ከመስታወት መስኮት ኋላ ተቀምጬ 14 ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የማወራው ስለ ራሴ ነውና ስሙ አያስፈልግም። አስተባባሪዎቹ የጋበዙኝ፣ ይህ ፊልም ባለፈው ጊዜ ሲታይ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ «ይህች ሴት ደጅ በምትጠናበት መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ሰው እኔ ነኝ» ብዬ ስለነበር ነው። በዚያ ምሽት ከዚህ የበለጠ መናገር አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ዘግይታችሁ ለገባችሁ ስለ ፊልሙ ጥቂት ልበል። ዳይሬክተሩ አላን ጎሚስ ይባላል፤ ፈረንሳይ ተወልዶ ያደገ፣ በአባቱ በኩል ምዕራብ አፍሪካዊ የሆነ ሰው ነው። ታሪኩ ግን የሚካሄደው በኮንጎዋ ኪንሻሳ ነው፤ ሰዎቹም የሚናገሩት በአብዛኛው ሊንጋላ ነው። ፌሊሲቴን ሆና የተጫወተችው ቬሮ ሻንዳ ቤያ ከዚያ በፊት በፊልም ሠርታ አታውቅም ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 በበርሊን ፌስቲቫል የዳኞችን ታላቅ ሽልማት፣ የብር ድቡን አገኘ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ከፍተኛውን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ይህ ፈረስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 ይዞት ገብቷል። የኔንጋ ማለት የሞሲ ሕዝብ እናት ናት ተብላ በአፈ ታሪክ የምትነገር፣ ፈረስ ጋልባ ከአባቷ ቤት የወጣች ልዕልት ናት። ሽልማቱ በዚያ ዓመት የሚገባበትን ቤት ያወቀ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ።

ፌሊሲቴ ማታ ማታ መሸታ ቤት እየዘፈነች ወንድ ልጇን ሳሞን ብቻዋን ታሳድጋለች። ስሟ በፈረንሳይኛ ደስታ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ብትሆን ደስታ ወይም ፍሥሐ ትባል ነበር። አንድ ቀን ልጅዎ በሞተር ብስክሌት አደጋ ደርሶበታል ተብላ ሆስፒታል ትሮጣለች። እግሩ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፤ ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው ግን ገንዘቡ ቀድሞ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልሙ ግማሽ አንዲት ሴት ከተማውን እየዞረች ገንዘብ ስትሰበስብ የምናይበት ነው። የባንዱ ጓደኞቿ ያዋጣሉ። ያበደረቻቸውን ሰዎች ፖሊስ አስከትላ ትጠይቃለች፤ ፖሊሱም ድርሻውን ይፈልጋል። ከልጇ አባት ዘንድ ትሄዳለች፤ ስድብ ተቀብላ ትመለሳለች። በመጨረሻ ሳትጠራ ከአንድ ባለጸጋ ግቢ ትገባለች፤ እየተጎተተችም፣ እየተመታችም አልወጣም ትላለች፤ ያገኘችውን ይዛ ወደ ልጇ ትሮጣለች።

ስትደርስ ምን አገኘች? አይታችኋል። እግሩ ተቆርጧል።

ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም። ገንዘቡ ተገኝቷል። ገንዘቡ መጥቷል። የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። እኛ ድህነትን የምንለካው በኪስ ውስጥ ባለው ነው፤ «ስንት አላት?» እንላለን። ይህ ፊልም የሚለካው በሰዓት ነው፤ «መቼ ይደርስላታል?» ይላል። አበዳሪ ያለው፣ የባንክ ደብተር ያለው፣ ስልክ ደውሎ «ላክልኝ» የሚለው ዘመድ ያለው ሰው ያንኑ ገንዘብ በአንድ ሰዓት ያገኘዋል። ፌሊሲቴ ያንኑ ገንዘብ በቀናት አገኘችው። የገንዘቡ ልክ አንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሳሞ እግር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ውሻውን ሰነፍ ያስመስለዋል፤ ውሻው ግን ታስሮ ቢሆንስ?

ከመስኮቱ ኋላ 14 ዓመት የተቀመጠ ሰው ገንዘብ ሲቀበል ቁጥሩን ብቻ አያይም። ገንዘብ ከየት እንደመጣ በአስተጣጠፉ ይታወቃል። ከባንክ የወጣ ብር ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ጣት የሚቆርጥ ነው። ከባለሱቅ የተበደሩት ብር የበርበሬና የሳሙና ሽታ አለው። የዕድር ብር በላስቲክ ታስሮ፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎበት ይመጣል። የእናት ብር ደግሞ ከመቀነት ቋጠሮ የሚፈታ ነው፤ አራት ቦታ ታጥፎ፣ በላብ ረጥቦ፣ እንደ ትንሽ ኩብ ሆኖ ይወጣል፤ በጣቴ እየዘረጋሁ መቁጠሪያው ማሽን ላይ ስጭነው ማሽኑ አልቀበልም ብሎ ይተፋዋል። እንዲህ ያለውን ብር በእጅ ነበር የምንቆጥረው። ሰልፉ ይረዝማል፤ ከኋላ የቆሙት ያጉረመርማሉ፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አብሬ አጉረመርም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጣች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አይበልጥም። የልጇ ክንድ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ታዝዞለታል፤ ጠዋት መጥታ ዋጋውን ጠይቃኝ፣ በወረቀት ጽፌላት ሄዳለች። ስትመለስ ያ ወረቀት እጇ ላይ ነው፤ ጀርባው በሙሉ በእስክሪብቶ ቁጥር ተሞልቷል፤ ከየሰዉ ያገኘችውን እየደመረችበት ኖሯል። 11 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ደቂቃ ሆኖታል። እኔ ሒሳብ ዘግቻለሁ፤ የቀኑን ገቢ ቆጥሬ ለማስረከብ ቅጹን እየሞላሁ ነው። «ሒሳብ ተዘግቷል፤ ነገ ጠዋት ይምጡ» አልኳት። እሷም «ሞልቷል እኮ ወንድሜ፣ ሞልቷል» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። ድንገተኛ ክፍል በኩል ማታም የሚሠራ ሌላ መስኮት ነበር። አልነገርኳትም። ከክፋት አልነበረም፤ የሚጠይቀኝ ስላልነበረ፣ ቅጹም አልደመር ብሎኝ ስለነበር ነው። ብሩን መልሳ በመቀነቷ ስትቋጥር ግን አየኋት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው።

ልጁ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። ገንዘብ ተቀባይ የሚያየው ደረሰኝ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሌላ ባልደረባዬ ተረኛ ነበር። ሰው ከመስኮቱ ወዲያ ይመጣል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከየት እንደመጣ አይታይም። ይህ ፊልም ለእኔ ያደረገው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ካሜራውን ከመስኮቱ ማዶ ወስዶ ከሴትዮዋ ትከሻ ኋላ ተከለው። የወረቀቱ ጀርባ ላይ ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ምን ምን እንዳስከፈሏት በዚያ አየሁ።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ሆስፒታልም ያለ ገንዘብ አይሠራም» የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔም ስል ኖሬያለሁ። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ በኋላ የሰፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው ነገር ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቤተሰቡ እህል በገባበት፣ እጅ በረጠበበት ወራት በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ሕመም ሲመጣ ገንዘቡ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቀዋል። ገንዘብን ከሕመም ማስቀደም ማለት ነው። ጉድለቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሲታጣ ታማሚው ውጭ ወጥቶ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ እናቲቱም እንደገና መቀነቷን ትፈታለች። በኮንጎም ቢሆን የወለደች ሴት ሒሳቧን እስክትከፍል ከሆስፒታል አትወጣም ተብላ መያዟ የታወቀ ችግር ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ኪንሻሳ ላይ ወሊድ በነፃ ይሁን ብሎ የጀመረውም ለዚህ ነው። ይህን በዚሁ ልተወው፤ ሁለተኛው ነጥቤ ይጠብቀኛል።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ብቻ መሆን ነው።

በቅርቡ «ነጠላ እናት» የሚል ቃል በየሬዲዮው እሰማለሁ። ቃሉ ከውጭ እንደመጣ ያስታውቃል፤ እኔ ስሰማው ትዝ የሚለኝ የሚለበሰው ነጠላ ነው። ጋቢ ድርብ ነው፤ ብርድ ይከላከላል። ነጠላ ስስ ነው፤ ነፋስ ያሳልፋል። ምናልባት ሳናስበው ትክክለኛ ቃል አግኝተን ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበረን ቃል ግን ምን ነበር? «ሴት ያሳደገው» ነበር። ይህ በአማርኛ ስድብ ነው፤ እናቲቱን እንኳ አይጠራትም፤ ጥፋቱን ልጁ ላይ ለጥፎ እሷን በእሱ በኩል ይሰድባታል። አባት የት እንደሄደ የሚጠይቅ ስድብ አለን ወይ? እስኪ አስቡ። እኔ ፈልጌ አጣሁ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል አባባል ግን አለን፤ እሱን ደግሞ አብዝተው ሲሉት የሰማሁት የማያሳድጉት አባቶች ናቸው።

የሳሞ አባት ፌሊሲቴን ምን እንደሚላት ሰምታችኋል። ብቻዬን እችላለሁ ብለሽ የለም ወይ፣ ቻይው ነው ነገሩ። ጠንካራ መሆኗን ራሱን እንደ ዕዳ ቆጥሮ ያስከፍላታል።

ብቻ መሆን ማለት ግን ፍቅር ማጣት ብቻ አይደለም። ሆስፒታል የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ታማሚ ያለ አስታማሚ አይሆንም። ምግብ የሚያመላልስ፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርስ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ ሐኪሙ ሲዞር አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ሲሆኑ አንዱ ያስታምማል፣ አንዱ ገንዘብ ይፈልጋል። ብቻዋን የሆነች እናት ከአልጋው ሥር ልሁን ወይስ ከተማ ልውጣ? ከአልጋው ሥር ብትሆን ገንዘቡ አይመጣም፤ ከተማ ብትወጣ ልጇ እግሩ ሲቆረጥ አጠገቡ የለችም። ፌሊሲቴ ላይ የደረሰው ይህ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት መድኃኒቱን እኔ ገዝቼልሽ ልምጣ ብላ ገንዘቧን ይዛባት ትጠፋለች፤ ብዙ ተመልካች «እንዴት ታምናታለች? ሞኝ ናት» ሲል ሰምቻለሁ። ሞኝ አይደለችም። የምትልከው ሰው የላትም። የምትልከው ሰው የሌለው ሰው ያገኘውን ይልካል።

እዚህ ላይ ከራሴ ሰፈር አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ባደግሁበት ግቢ ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤት ነበረችን። የ20 ሰው ዕቁብ ውስጥ ነበረች፤ በሳምንት 50 ብር ይጣላል፤ ዕጣ የደረሰው 1,000 ብር ያነሣል። ትልቁ ልጇ ታመመ። ዕጣው ለሌላ ሰው ወጥቷል፤ ለአንድ ጫማ ሰፊ። ዳኛው ጉዳዩን ሲያነሡ ጫማ ሰፊው ዕጣውን ለቀቀላት፤ ያንን ሳምንት እሷ አነሣች። ሰውዬው የምስጋና ቃል እንኳ መስማት አልፈለገም፤ «ገንዘቡማ ያው ገንዘብ ነው፤ ለእኔ ዘንድሮም ሆነ ለከርሞ ቆዳ ነው የምገዛበት» አለ። ብሩ የራሷ ነው፤ ማንም አልመጸወታትም፤ የራሷ ገንዘብ በጊዜው ደረሰላት እንጂ። ይህንን ያነሣሁት ኪንሻሳም እንዲህ ያለ ነገር ስላለ ነው፤ ሊኬሌምባ ይሉታል፤ በየተራ እያዋጡ በየተራ የሚያነሡት ነው። እንግዲህ ፌሊሲቴ ከሰው ሰው ስትዞር ለማኝ እንደሆነች አድርገን ያየናት ካለን እንደገና እንያት። ያበደረችውን ነው የምትጠይቀው። የዘፈነችበትን ነው የምትጠይቀው። የልጁን አባት ልጁን ነው የምትጠይቀው። ከባለጸጋው ግቢ እስክትገባ ድረስ የጠየቀችው ሁሉ የሚገባት ነበር፤ የሚገባት ሁሉ ሲከለከል ነው የማይገባት በር ላይ የቆመችው።

እንባ ስለ ማስፈሰስም አንድ ቃል ልበል። የድሃ እናት ታሪክ ሲነገር ማሲንቆ ወይም ክራር ከበስተኋላ ካልተጎተተ፣ እናቲቱም ተንበርክካ ካላለቀሰች ታሪክ የተነገረ የማይመስላቸው ሰዎች አሉ። በዚህ ፊልም ያለው ዘፈን እንዲያ አይደለም። የካሳይ ኦልስታርስ የሚባለው ባንድ ሲመታ ሰው ይጨፍራል፤ እሷ ደግሞ በዚያው መሸታ ቤት ቆማ ትዘፍናለች፤ ኀዘንተኛም ሆና ሥራዋ ዘፈን ነው። በመካከል ደግሞ ሰዎች ቫዮሊን ይዘው ብቅ ይላሉ፤ እነዚያ የኪንሻሳ የኪምባንጊስት ቤተ ክርስቲያን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አባላት ናቸው፤ ኦርኬስትራው እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ የቀድሞ የአውሮፕላን አብራሪ የተመሠረተ ነው። መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» ብዬ ነበር። ሁለተኛ ሳይ፣ ያቺ ከተማ ከልመና ውጭ ሌላም ነገር እንዳላት ሊነግረኝ እንደሆነ ገባኝ።

ያልወደድኩትንም ልናገር፤ ማመስገን ብቻ ንግግር አይሆንም። እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ክፍል ይረዝማል። ሌሊት ጫካ ውስጥ ስትሄድ የምናይበት ሕልም ተደጋግሞ ይመጣል፤ በዚያች አገር ብቻ የሚገኘው ኦካፒ የሚባለው እንስሳም ብቅ ይላል፤ ያምራል፣ ግን ሦስት ጊዜ ያስፈልገው ነበር ወይ? አጠገቤ የነበሩ ሰው አንቀላፍተው ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚሁ አሉ።

ሦስተኛው ነጥቤ፣ ፍሪጁ፤ ሰዓቴ ስላለቀ አሳጥረዋለሁ።

ፊልሙ ሲጀምር የፌሊሲቴ ቤት ፍሪጅ ተበላሽቷል። ታቡ የሚባለው፣ መሸታ ቤቱን የሚያዘወትረው፣ የሚጠጣው፣ ሴት የሚያሳድደው ሰው እጠግነዋለሁ ይላል። ይፈታታዋል። ደግሞ ይመጣል። ደግሞ ይበላሻል። በዚህ መካከል እግር ይቆረጣል፣ ልጁ ከአፉ ቃል አይወጣም፣ እናቲቱ መዝፈን ያቅታታል፤ ታቡ ግን መጠገኛውን ይዞ ይመላለሳል። ጥሩ ሰው ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ፊልሙም ጻድቅ አያደርገውም። ልጁን ግን ተሸክሞ ያወጣዋል፤ ያስቀዋል። ወንዶች ሆይ፣ ለዚህች ሴት ያስፈለጋት ጀግና አልነበረም። ተመላልሶ የሚመጣ ሰው ነበር። ገንዘቡ አንድ ጊዜ መጣ፣ ዘገየም። እሱ ግን ደጋግሞ መጣ፣ ፍሪጁን ማስኬድ ባይሆንለትም እንኳ።

እኔ ከመስኮቱ ከተነሣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያቺን እናት አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም፤ ፊቷን ሳይሆን ቋጠሮዋን ነው የማስታውሰው። ሌላም የገንዘብ ተቀባይ ጥያቄ አለኝ፤ ፊልሙን ሦስቴ አይቼ መልሱን አላገኘሁም። ፌሊሲቴ ያን ሁሉ ተዋርዳ የሰበሰበችው ገንዘብ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ምን ሆነ? ለየባለቤቱ ተመለሰ? የአልጋ ተብሎ ተቆረጠ? በእኛ መስኮት ቢሆን ኖሮ ማስመለሻ ቅጽ ተሞልቶ፣ ሁለት ፊርማ ተፈርሞ፣ «ሰኞ ይምጡ» ይባል ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት እናት ንግግሩ ሳያልቅ ጀምሮ እጃቸውን እንዳነሡ ናቸው፤ እባካችሁ ማይኩን መጀመሪያ ለእሳቸው ስጡልኝ።